ሩስኛን በዩኒቨርሲቲ መማር፦ ሩሲያ፣ ቢሽኬክ፣ ጀርመን፣ ጣሊያን ወይስ አሜሪካ?

የሩስኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ለመማር ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። ይህ ጥያቄ ሁለተኛ መምጣት ነበረበት። ፊደሉን ገና ያልቆጠረና ሩስኛ በሚነገርበት ቤት ያደገ ሰው አንድ ምርጫ አይስማማቸውም። ቶልስቶይን በራሱ ቋንቋ ማንበብ የሚፈልገውና ዱባይ ውስጥ ሩስኛ ተናጋሪ ደንበኛ ማስተናገድ የሚፈልገውም እንዲሁ። ስለዚህ ከተማ ከመምረጣችሁ በፊት ዛሬ ያላችሁን የቋንቋ ደረጃ ለዩ፤ ቀጥሎም በዋናነት የምትፈልጉት ቋንቋውን፣ ሥነ ጽሑፉን ወይስ ሀገሩን ማወቅ እንደሆነ ወስኑ። የዩኒቨርሲቲው ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የእኛ አቋም ከመነሻው ይታወቅ። ከዜሮ የሚጀምር ሰው በሩሲያ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ በር ባይቸኩል ይሻለዋል። እዚያ ሩስኛ አይማሩም፤ ሩስኛ የሚያውቁ ሰዎች ስለ ሩስኛ ይማራሉ።

ስሙ አንድ፣ ትምህርቱ ብዙ

በሩሲያ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የመለያ ቁጥር አላቸው። የማመልከቻ ቅጽ ስትሞሉ የምትመርጡት በዚሁ ቁጥር ስለሆነ ለይቶ ማወቁ ግድ ነው።

45.03.01 «ፊሎሎጊያ» (የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ጥናት) ይባላል፤ በውስጡ ግን እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ዘርፎች አሉ። «ኦቴቼስትቬናያ ፊሎሎጊያ» ለአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ነው። የንግግር ልምምድ ክፍል የለውም ማለት ይቻላል፤ በምትኩ የጥንት ስላቭኛ፣ የታሪካዊ ሰዋስው፣ የዘዬዎች ጥናትና የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይወርዳል። «ሩስኛ እንደ ውጭ ቋንቋ» የሚባለው ዘርፍ ግን ለውጭ ዜጎች ሲከፈት የቋንቋ ልምምዱ እስከ መጨረሻው ዓመት ይቀጥላል። ሁለቱም ዲፕሎማቸው ላይ «ፊሎሎጊያ» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ አመልካች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቁጥሩን አይቶ ዘርፉን ሳያይ ይመርጥና ጥቅምት ላይ ከሩሲያውያን ጋር የጥንት ስላቭኛ ግሥ ሲያረባ ራሱን ያገኘዋል።

45.03.02 «ሊንግቪስቲካ» ስሙ የቋንቋ ጥናት ቢሆንም በተግባር የውጭ ቋንቋ ማስተማርና ትርጉም ነው፤ ለሩሲያዊ ተማሪ እንግሊዝኛ ወይም ቻይንኛ ማለት ነው። ሩስኛ ለመማር የሄደ ሰው ሳያጣራ አይግባበት። 45.05.01 የትርጉም ሙያ ሲሆን አምስት ዓመት ይፈጃል። 44.03.05 የመምህርነት ዲግሪ ነው፤ ሁለት የትምህርት ዓይነት አጣምሮ እሱም አምስት ዓመት ይወስዳል። መምህር ለመሆን ለቆረጠ ሰው ከፊሎሎጊያ የበለጠ ተግባራዊ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠራ የማስተማር ልምምድ አለውና።

ከሩሲያ ውጭ አከፋፈሉ ሌላ ነው። ጀርመን «ስላቪስቲክ» ይሉታል፤ ሩስኛ አንዱ ቅርንጫፍ ሲሆን ብዙ ቦታ ሁለተኛ የስላቭ ቋንቋ፣ ለምሳሌ ፖላንድኛ ወይም ቼክኛ፣ መጨመር ግዴታ ነው። ጣሊያን ውስጥ ሁለት የውጭ ቋንቋ እኩል ለሦስት ዓመት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ120 ክሬዲት ሩስኛው ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ብቻ ነው፤ ቀሪው አጠቃላይ ትምህርትና የምትመርጡት ሌላ ሙያ ነው።

ሰዓቱን ቁጠሩ

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሩስኛን ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ እንዲይዝ 44 ሳምንት ወይም 1,100 የክፍል ሰዓት መድቧል። ይህን እንደ መለኪያ ይዘን ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚሰጡትን እንመዝን።

ሩሲያ ውስጥ የመሰናዶው ዓመት፣ ተማሪዎች «ፖድፋክ» የሚሉት፣ በሳምንት ከ24 እስከ 30 የክፍል ሰዓት ነው። በ26 ሰዓትና በ36 ሳምንት ብናሰላው 936 ይመጣል። የሩሲያ የትምህርት ሰዓት 45 ደቂቃ ስለሆነ ግን በሙሉ ሰዓት 700 ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ወደ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ በሳምንት 5 ሰዓት፣ በዓመት 28 ሳምንት፣ 140 ሰዓት ነው፤ አራቱ ዓመት ሲደመር 560። ጀርመን በሳምንት ከ6 እስከ 8 የቋንቋ ሰዓት ሲሆን በዓመት 200 አካባቢ፣ በሦስት ዓመት 600 ቢሆን ነው። ጣሊያን በአብዛኛው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይወጣል። የሩሲያ አንድ የመሰናዶ ዓመት አሜሪካ ውስጥ በአራት ዓመት ከሚሰጠው የክፍል ሰዓት ይበልጣል፤ ከክፍል ውጭ ያለው አውቶቡስ፣ ገበያና መኝታ ቤት ሳይቆጠር ማለት ነው። በሌላ በኩል የትኛውም ቦታ በክፍል ሰዓት ብቻ ወደ ከፍተኛ ደረጃ አያደርስም። ጀርመንም ሆነ አሜሪካ የምትማሩ ከሆነ ቢያንስ አንድ ጥልቅ የክረምት ኮርስና አንድ ሴሚስተር ሩስኛ በሚነገርበት ከተማ ከመጀመሪያው በዕቅዳችሁ ይግባ። እነዚህን ሳይጨምር የተመረቀ ሰው ሥነ ጽሑፍ መተንተን ይችል ይሆናል፤ ስልክ ማንሳት ግን ያስጨንቀዋል።

ሩሲያ

ለኢትዮጵያዊ አመልካች ዋናው በር የሩሲያ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ከ2023 ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለዓለም በሙሉ በዓመት 30 ሺህ ቦታ ተመድቧል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ እስከ ስድስት ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል መምረጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ማጣሪያ በሀገር ቤት ይካሄዳል፤ አዲስ አበባ ላይ በፑሽኪን ስም የሚታወቀውን የሩሲያ የሳይንስና የባህል ማዕከል መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ማጣሪያ የሩሲያው ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲዎቹ ነው። ማዕከሉ የቋንቋ ኮርስም ይሰጣል፤ ሳይሄዱ ፊደሉንና የመጀመሪያውን ሰዋስው መጨረስ የመሰናዶውን የመጀመሪያ ወር ያቀላል።

ዕድሉ የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፤ የተማሪ መኖሪያው በአነስተኛ ክፍያ ነው። የአውሮፕላን ትኬት፣ የጤና መድንና ቀለብ ግን የራስ ናቸው። የወር አበሉ ጥቂት ሺህ ሩብል ስለሆነ ለትራንስፖርትና ለስልክ ይበቃ እንደሆነ ነው እንጂ አይመግብም። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ከሩሲያ ውጭ የወጡ ቪዛና ማስተርካርድ ካርዶች እዚያ አይሠሩም። ቤተሰብ ገንዘብ የሚልክበት መንገድ ሳይታወቅ መሳፈር አደገኛ ነው፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የሚያሻግር ጥሬ ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ ይዞ መግባትና እዚያ እንደተደረሰ የሩሲያ ባንክ ካርድ ማውጣት የተለመደው መፍትሔ ነው።

ፖድፋክ የሚያደርሰው ወደ መጀመሪያው የምስክር ወረቀት ደረጃ ነው። የሩስኛ ፈተና ለውጭ ዜጎች አምስት ክፍል አለው፦ ቃላትና ሰዋስው፣ ንባብ፣ ማዳመጥ፣ ጽሑፍና ንግግር። በእያንዳንዱ 66 በመቶ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ደረጃ የሚጠይቀው የቃላት ክምችት 2,300 ሲሆን ሁለተኛው ደረጃ 10 ሺህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያው ይበቃል፤ የፊሎሎጂ ተማሪ ሲመረቅ የሚጠበቅበት ግን ሦስተኛው ነው። ችግሩ በ2,300ና በ10 ሺህ መካከል ያለው ገደል ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በ2,300 ቃል ተቀምጦ በ10 ሺህ ቃል የሚሰጥ ሌክቸር ይሰማል። የምህንድስና ተማሪ ቀመርና ሥዕል ያግዘዋል፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከቃል በቀር ምርኩዝ የለውም። የብዙዎች ወደ ሌላ ፋኩልቲ መሸሽ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ ወይ «ሩስኛ እንደ ውጭ ቋንቋ» የሚለውን ዘርፍ መምረጥ፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪን በሌላ ሙያ ይዞ ለማስተርስ ብቻ ወደ ሩሲያ መሄድ።

ሌላው የሚያሰናክል ነገር መዘግየት ነው። ቪዛ ዘግይቶ ኅዳር ላይ የደረሰ ተማሪ ሩብ ዓመት ያህል ያጣል፤ ቡድኑ ግን አይጠብቀውም። ከገባችሁ በኋላም የመኖሪያ ምዝገባው በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ ደግሞ የጤና ምርመራውን በ30 ቀን፣ የጣት አሻራውን በ90 ቀን ውስጥ ይሰጣል። የመጀመሪያው ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ጊዜ መግቢያ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲው ሳያራዝመው ወደ ሀገር ቤት ብቅ ማለት አይቻልም።

ከተማ ሲመረጥ፣ በሞስኮ ያለው የፑሽኪን ኢንስቲትዩት በ1966 የተቋቋመ ሲሆን ሥራው በሙሉ ሩስኛን ለውጭ ሰው ማስተማር ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትኩረት የሚያገኝበት ማግኘት ይከብዳል። በ1960 የተመሠረተውና በ2023 የፓትሪስ ሉሙምባን ስም የመለሰው የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲ በአፍሪካ ተማሪ ብዛት የታወቀ ነው። ይህ ለብቸኝነት መድኃኒት፣ ለሩስኛ ልምምድ ደግሞ እንቅፋት ሊሆን ይችላል፤ ከሀገር ልጆች ጋር አንድ ክፍል ያደረ ሰው አማርኛው ነው የሚሻሻለው። የሞስኮና የሴንት ፒተርስበርግ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች በስምም በትምህርትም ከባድ ናቸው። ቮሮኔዥ፣ ካዛን ወይም ቶምስክ ኑሮው ይረክሳል፤ እንግሊዝኛ የሚመልስላችሁ ሰው ስለሚያንስም ሩስኛው ቶሎ ይይዛል። ለቋንቋ ብቻ ከሆነ እኛ መካከለኛ ከተማን እናስቀድማለን።

ትምህርቱ ውስጥ የመንግሥት እጅም አለ። ከ2023 ጀምሮ «የሩሲያ መንግሥታዊነት መሠረቶች» የሚል ኮርስ በመጀመሪያ ዲግሪ ግዴታ ሆኗል፤ የሩሲያ ታሪክም እንዲሁ 144 ሰዓት ይወስዳል። በሕይወት ያሉ ታዋቂ ደራስያን «የውጭ ወኪል» ተብለው ተፈርጀዋል። ስለ እነሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ልሥራ የሚል ተማሪ አማካሪ ማግኘት ይቸግረዋል። በአንጻሩ የ19ኛው መቶ ዘመን ሥነ ጽሑፍ፣ የእጅ ጽሑፍና የቤተ መዛግብት ሥራ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ያለውን የፑሽኪን ቤት የተባለ የሥነ ጽሑፍ ተቋምና ሞስኮ ያለውን የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ቤተ መዛግብት የሚተካ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለይተን እናስቀምጥ። «ሥራ እየሠራችሁ ትማራላችሁ» የሚል ጥሪ ከመንግሥቱ የትምህርት ዕድል ጋር አንድ አይደለም። አሶሼትድ ፕሬስ በ2024 እንደዘገበው በታታርስታን አላቡጋ ወደተባለው የኢንዱስትሪ ዞን በማኅበራዊ ሚዲያ የተመለመሉ ወጣት አፍሪካውያት ድሮን መገጣጠም ላይ ተሰማርተዋል። የትምህርት ዕድል የዩኒቨርሲቲ ስም፣ የፕሮግራም ቁጥርና የሚኒስቴር የምደባ ወረቀት አለው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ትምህርት አይደለም። በማታነቡት ቋንቋ የተጻፈ ማንኛውም ውል ላይ አትፈርሙ፤ የውትድርና ውል ከሆነማ ጨርሶ።

ቢሽኬክና አልማቲ

ከ2022 በኋላ አሜሪካውያን ሩስኛ ተማሪዎች በብዛት የዞሩት ወደ መካከለኛው እስያ ነው። በኪርጊዝስታን ሩስኛ ሕጋዊ መንግሥታዊ አገልግሎት ያለው ቋንቋ ነው፤ በዋና ከተማዋ ቢሽኬክና በካዛክስታኗ አልማቲ የገበያም የቢሮም ቋንቋ ሆኖ ቀጥሏል። ቢሽኬክ ውስጥ በ1993 የተቋቋመው የኪርጊዝ–ሩሲያ ስላቭ ዩኒቨርሲቲ በሩስኛ፣ የመካከለኛው እስያ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ላለ ሰው የአንድ ሴሚስተር መዳረሻ አድርጎ መምረጡ ተገቢ ነው። ለሙሉ ዲግሪ ግን ከሀገር ቤት ለሚነሳ ሰው ከሩሲያ የሚበልጥበት ነገር ጥቂት ነው፤ ነፃ ዕድሉም የቤተ መጻሕፍቱም ሀብት ያንሳል።

ጀርመን

የጀርመን ትልቁ ጥቅም ክፍያ አለመኖሩ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሴሚስተር መዋጮ ብቻ ይማራሉ፤ ባደን–ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይጠይቃል። ሃይደልበርግና ቱቢንገን እዚያ መሆናቸውን ልብ በሉ። ለቪዛ የሚያስፈልገው የታገደ ሒሳብ፣ ማለትም ለኑሮ ቀድሞ ባንክ ተቀምጦ በየወሩ የሚለቀቀው ገንዘብ፣ ከመስከረም 2024 ወዲህ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ብዙዎች የሚቆሙት እዚህ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ሁለት ቋንቋ ነው። ስላቪስቲክ የሚሰጠው በጀርመንኛ ስለሆነ በቅድሚያ ከጀርመንኛ ፈተናዎች በአንዱ፣ ዴ–ኤስ–ሃ 2 ወይም በቴስትዳፍ አራቱም ክፍል 4 ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚፈጀውን ስቱዲየንኮሌግ የተባለ የመሰናዶ ትምህርት ያልፋል። ስለዚህ ከዜሮ የሚነሳ ሰው ሩስኛን ሳይጀምር ሁለት ዓመት ጀርመንኛ ላይ ያጠፋል። ይህ የሚያዋጣው ጀርመን ለሚኖር ወይም እዚያው ለመቆየት ለቆረጠ ነው።

ለእነሱ ግን ትምህርቱ ጠንካራ ነው። ዲግሪው 180 ነጥብ ሲሆን እያንዳንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ነው። ስላቪስቲክ ከሌላ የትምህርት ዘርፍ ጋር ይጣመራል። ሃምቡርግ ላይ ስላቪስቲክም፣ የአማርኛና የግዕዝ ጥናትም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ ይህን ጥምረት ሌላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ክፍል ስትገቡ ግማሹ ተማሪ ሩስኛን ከወላጆቹ የሰማ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ፤ እነሱ አቀላጥፈው ይናገራሉ እንጂ የስም ማርባቱን በጽሑፍ ይሳሳታሉ። ለእነሱ የተለየ ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ግን ለጀማሪ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከማመልከታችሁ በፊት ደግሞ ፕሮግራሙ «ያለ ቅድመ ዕውቀት» ይቀበል እንደሆነ አንብቡ፤ አንዳንዶቹ ገና ስትገቡ መካከለኛ ደረጃ ይጠይቃሉ። የመኸሩ ሴሚስተር ማመልከቻ ብዙ ቦታ እስከ ሐምሌ 15 በፈረንጅ ነው፤ ዩኒ–አሲስት የተባለው የማመልከቻ ማዕከል የሚያልፍ ከሆነ ወረቀቱ ሳምንታት ይፈጃልና ሰኔ ላይ አስገቡ።

ጣሊያንና ፈረንሳይ

የኔፕልሱ ሎሪየንታሌ ዩኒቨርሲቲ ሩስኛንም አማርኛንም ያስተምራል፤ የፓሪሱ ኢናልኮም እንዲሁ። ጣሊያን ውስጥ ክፍያው በቤተሰብ ገቢ ይሰላል፤ በገቢ መለኪያው ከ22 ሺህ ዩሮ በታች የሆነ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከክፍያ ነፃ ይሆናል፤ የየክልሉ የገንዘብ ድጋፍም አለ። ጣሊያንኛ ያላችሁ ወይም እዚያ ያደጋችሁ ከሆነ፣ ከአውሮፓ ምርጫዎች ሁሉ በገንዘብ ረገድ የሚቀርበው ይህ ነው። ድክመቱ የክፍሉ ብዛት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የመናገር ተራ ለማግኘት መጋፋት አለ።

አሜሪካና እስራኤል

አሜሪካ ላሉ የዳያስፖራ ልጆች የመጀመሪያው ማጣሪያ ዲፓርትመንቱ ሳይዘጋ መቆየት መቻሉ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2023 የውጭ ቋንቋ ፕሮግራሞቹን በአብዛኛው ዘግቷል፤ ብቸኛው አይደለም። ቋሚ ፕሮፌሰሮች ስንት ናቸው? አራተኛው የሩስኛ ዓመት በየዓመቱ ይከፈታል ወይስ ተማሪ ሲገኝ ብቻ? ይህን ሳይጠይቁ መግባት የለም። ኢንዲያና፣ ዊስኮንሲን–ማዲሰንና ብሪን ማር የመሳሰሉት የ«ፍላግሺፕ» ፕሮግራም ያላቸው ቦታዎች ሌላ ሙያ ከሩስኛ ጋር አጣምረው እስከ አልማቲ የሚደርስ አንድ ዓመት ያካትታሉ። ለሩስኛ ብቻ ሳይሆን ለሥራም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ እነሱን ይመልከት። የሚድልበሪ የክረምት ትምህርት ቤት ለስምንት ሳምንት ከሩስኛ ሌላ ላለመናገር ያስምላል፤ ውድ ነው፤ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን ቀድሞ መሙላት ያስፈልጋል። የፌዴራል የቋንቋ ድጋፎች ብዙዎቹ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ናቸው፤ በጀታቸውም ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ብቻ ተከተሉ።

እስራኤል ውስጥ ከ1989 በኋላ ከቀድሞው ሶቭየት ኅብረት አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ስለገባ ሩስኛ የጎረቤት ቋንቋ ነው። ዲግሪው በዕብራይስጥ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ለልምምድ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም፤ ፋርማሲውና የታችኛው ፎቅ ነዋሪ ይበቃሉ።

አማርኛ ተናጋሪን የሚያግዘውና የሚያስቸግረው

የትም ብትማሩ የሚገጥማችሁ ነገር ይመሳሰላል። 33ቱ ፊደላት በሳምንት ያልቃሉ። «ዥ»፣ «ሽ» እና «ች» ለእኛ አዲስ አይደሉም። የ«ትስ»ን ድምፅ ግን ብዙዎች «ጽ» ያደርጉታል፤ ሩስኛው ጥብቅ ድምፅ የለውም፤ ቶሎ ካልታረመ ለዓመታት ይጣበቃል። የወንድና የሴት ግሥ መለየት ለእኛ ልማድ ስለሆነ የኃላፊ ጊዜውን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሚለፋው ባነሰ እንይዘዋለን። ሦስተኛው ጾታ ነው የሚያደናግረው።

ትግሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስድስቱ የስም ሙያዎች በነጠላና በብዙ ቁጥር ይለዋወጣሉ። ግሦች ደግሞ ያለቀና ያላለቀ ድርጊት እየተባሉ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ «ሄደ» የምንለውም በእግርና በተሽከርካሪ፣ በአንድ አቅጣጫና በደርሶ መልስ ይከፋፈላል። ጫናው፣ በቃሉ ውስጥ ጠንክሮ የሚነገረው ክፍል፣ የት እንደሚወድቅ አይጻፍም፤ ጫና የሌለበት «ኦ» ወደ «አ» ስለሚጠጋ «ሞሎኮ» ተብሎ የተጻፈው ወተት «ማላኮ» ተብሎ ይነበባል። አዲስ ቃል ስትመዘግቡ ጫናውንና ጥንድ ግሡን ካልጻፋችሁ ቃሉን ሁለተኛ ጊዜ መማራችሁ አይቀርም።

የጥንት ስላቭኛ ለሩስኛ፣ ግዕዝ ለአማርኛ እንደሆነው ያለ ነው፦ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ፣ የከፍተኛ ቃላት ምንጭ። ግዕዝ የቀመሰ ተማሪ ይህን ኮርስ ሌሎች እንደሚፈሩት አይፈራውም።

ለመመረቂያ ጽሑፍ አማርኛ ተናጋሪ የሚበልጥበት ርዕስም አለ። የፑሽኪን ቅድመ አያት የአብራም ሃኒባል የትውልድ ቦታ፣ ከመረብ አካባቢ ነው ወይስ ካሜሩን፣ ብዙ የተቆፈረ ስለሆነ አዲስ ነገር ማውጣት ያዳግታል። ባይሆን በ1896 ከሩሲያ ቀይ መስቀል ጋር መጥቶ በኋላም ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከከፋ እስከ ቱርካና ሐይቅ የዘመተው የሩሲያዊው መኮንን የአሌክሳንደር ቡላቶቪች ማስታወሻዎች አሉ። ባለቅኔው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 ከሐረር አካባቢ የሰበሰባቸው ቅርሶች ሴንት ፒተርስበርግ በኩንስትካሜራ ሙዚየም ይገኛሉ። ሩሲያዊው ምሁር ቦሪስ ቱራዬቭ ያሳተማቸው የግዕዝ ገድሎችም አሉ። ወጣትነታቸውን በሩሲያ ትምህርት ያሳለፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጽፈዋል፤ ከሩስኛ ንባባቸው ጋር አገናኝቶ መመርመር ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። ከ1918 በፊት የታተመ ሁሉ በአሮጌው አጻጻፍ ስለሆነ፣ የተሰረዙትን ፊደላት ለማንበብ ሁለት ሳምንት መድቡ።

ወረቀቱን በተመለከተ

የትም ሂዱ የትም፣ ትራንስክሪፕትና ዲፕሎማ በሀገር ቤት ተረጋግጦ ማለቅ አለበት፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ለሩሲያ ቪዛ ከኤችአይቪ ነፃ መሆንን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ተመልሳችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመሥራት ካሰባችሁ የዲግሪው የአቻ ግምት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ያልፋል። ለዚህም የዲፕሎማውን የኮርስ ዝርዝር፣ የሩሲያ ከሆነ «ፕሪሎዤኒዬ» የሚባለውን አባሪ፣ ከዋናው ጋር አብራችሁ አስተርጉሙ።

በተደጋጋሚ ሰው የሚያጉላላው ስም ነው። ፓስፖርት ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ትራንስክሪፕት ላይ ያለውና የሩስኛው ትርጉም ሦስቱ ሊለያዩ ይችላሉ። አንዱ «ፀሐይ»ን በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ይጽፈዋል፤ የአባትና የአያት ስምም ቦታ ይቀያየራል። ቪዛው ላይ በሲሪሊክ የተጻፈው ስም በዩኒቨርሲቲው መዝገብ፣ ከዚያም በዲፕሎማው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትርጉም ስታሠሩ ስማችሁ በሲሪሊክ እንዴት እንደሚጻፍ ራሳችሁ ወስናችሁ በወረቀት ለተርጓሚው ስጡ፤ የሚቀጥለውም ተርጓሚ፣ የዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤትም፣ ባንኩም ያንኑ ይከተሉ። ዲፕሎማው ከመታተሙ በፊት ዲካናቱ (የፋኩልቲው ጽሕፈት ቤት) ስሙን እንድታረጋግጡ ሲጠራችሁ ከፓስፖርቱና ከመጀመሪያው ቪዛ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት።